የሞላ ቆሻሻ መጣያ አፈር ስለለበሰ ብቻ ተዘጋ አይባልም

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ከተማ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት ቴክኒሻን እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ የከተማችን ቆሻሻ መጣያ ስለሞላ አምና ዘጋነው። ስፋቱ አንድ ሄክታር ይሆናል። በቁልቁለቱ በኩል ቁመቱ 8 ሜትር ይደርሳል። ከአጠገቡ ጥቁር አፈር አምጥተን 30 ሳንቲ ሜትር አለበስነው። ጥር ላይ ተሰነጣጠቀ። ጠዋት ጠዋት ጭስ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ሐምሌ ላይ ደግሞ አንዱ ጎኑ ተንዶ ጥቁር ውሃ ወደ ወንዙ ወረደ። አሁን ሌላ 30 ሳንቲ እንጨምርና ባሕር ዛፍ እንትከልበት እየተባለ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ባሕር ዛፉን እርሳው። አፈሩንም ገና አታስጭን።

መንዝ ውስጥ በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት መቼም አይተሃል። ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብበት ከርሞ ውስጡ ጠብ አይልም። ሣሩ ውሃ የማያሳልፍ ሆኖ አይደለም። ጣራው ሾጣጣ ስለሆነ ውሃው ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። ያንኑ ሣር ሜዳ ላይ ብታነጥፈው ሥሩ ይበሰብሳል። የእናንተም ሥራ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻውን አለበሳችሁት እንጂ አልከደናችሁትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅርጹ ይስተካከል። ቀያሽ ጥራና ከፍታውን ለካ። የጎኑ ተዳፋት ቢያንስ ለ1 ሜትር ቁመት 3 ሜትር አግድም ይሁን። 8 ሜትር ለሚቆመው ጎንህ 24 ሜትር አግድም ያስፈልጋል ማለት ነው። ቦታው ከየት ይመጣል ትለኝ ይሆናል። ከላይ ነው የሚመጣው። ኤክስካቫተሩ ከጫፉ ራቅ ብሎ አናቱ ላይ ይቁምና ጠርዙን እየላጨ ወደ መሐል ይሳበው። መሐሉም በዚያው ከፍ ይልልሃል። እግሩን ከታች መጎርጎር ግን በፍጹም! ቁልል ቆሻሻ ሲናድ ምን እንደሚያደርግ መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ላይ አይተናል። ከ110 በላይ ሰው ነው ያለቀው።

አናቱ 5 በመቶ ተዳፋት ይኑረው። ከመሐል እስከ ጠርዝ 50 ሜትር ከሆነ መሐሉ በ2 ሜትር ተኩል ይበልጣል። በዛ እንዳትል። ከሥሩ ያለው ነገር ገና እየበሰበሰ ለዓመታት ይሰምጣል፣ ደግሞም እኩል አይሰምጥም። ዛሬ ለጥ አድርገህ ብትተወው በሁለት ክረምት ኩሬ ይሆናል።

አሁን ወደ አፈሩ። ጥቁር አፈራችን ሲረጥብ ውሃን በደንብ ያግዳል፣ ለዚያ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የኛ በጋ ግን ረጅም ነው፣ ንፋሱና ውርጩም አለ። ደርቆ ሲሰነጠቅ ክንድ ያስገባል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያው ስንጥቅ ሰተት ብሎ ቆሻሻው ውስጥ ይገባል። ያ ጥቁር ውሃ የመጣው ከዚህ ነው።

የተሻለ አፈር ለመምረጥ ሁለት የሰርዲን ጣሳ ፈልግ። አንዱን በጥቁሩ አፈር ጭቃ፣ ሌላውን ከካባ ባስመጣኸው ቀይ አፈር ጭቃ ሙላና ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸው። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ጥቁሩ ከጣሳው ግድግዳ ሸሽቶ እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ይሠራል። ቀዩ ትንሽ ብቻ ከሸሸና መሐሉ ካልተሰነጠቀ ያ አፈር ይሆንሃል። ከዚያ እርጥብ አድርገህ በመዳፍህ አሽከርክረው። ሳይበጣጠስ እንደ ስፓጌቲ ከቀጠነ ሸክላነት አለው። ከተበታተነ አሸዋ ይበዛዋል። ይህን ያለፈውን ብቻ ወደ ላቦራቶሪ ላክ፣ ገንዘብህን ቆጥብ። የፕላስቲሲቲ ልኩ (ሳይፈርስ የሚቀረጽበት የእርጥበት ስፋት) ከ10 እስከ 30 ባለው ውስጥ ቢወድቅ ደስ ይለኛል።

የተጣለው ጥቁር አፈር ከንቱ አልቀረም። ቅርጹ ሲስተካከል ማደላደያ ይሁን። በላዩ 20 ሳንቲ ገረጋንቲ ወይም ጠጠር ከቆሻሻው ለሚወጣው ጋዝ መተንፈሻ ይነጠፋል። ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ ካገኘህ በጠጠሩና በሸክላው መሐል ዘርጋ። ከዚያ 60 ሳንቲ የተጠቀጠቀ ቀይ ሸክላ፣ መጨረሻ ላይ 30 ሳንቲ ሣር የሚያበቅል ለም አፈር። የአሜሪካው ደንብ ዝቅተኛው 45 ሳንቲ ሸክላና 15 ሳንቲ ለም አፈር ነው። እኔ የኛን በጋ ፈርቼ ነው የጨመርኩት።

ሸክላው በአንዴ ተቆልሎ አይጠቀጠቅም። ከተጠቀጠቀ በኋላ 15 ሳንቲ በሚሆን ንብርብር፣ አራት ጊዜ። ትንሽ ውሃ እየረጨህ፣ በጥርሳም ሮለር። ለስላሳው ሮለር ላዩን ያሳምረዋል እንጂ ንብርብሮቹን አያጣብቅም። አንዱን ጨርሰህ ሌላውን ከመጫንህ በፊት ፊቱን ጫር ጫር አድርገው።

ውፍረቱን ደግሞ በሲኖ ቁጥር አትመን። እኔ አንዴ በዚህ ተዋርጃለሁ። ቆላ ላይ በሠራነው ቦታ የገልባጭ ምልልስ ቆጥረን «ሞልቷል» ብለን ፈረምን። በወሩ አንዲት አህያ ስታልፍበት ኮቴዋ በሳው፣ ፌስታል ብቅ አለ። ለካ እዚያ ጋ 10 ሳንቲ እንኳን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በየ20 ሜትሩ ችካል አስተክላለሁ፣ ችካሉ ላይ ውፍረቱ በቀለም ይሰመራል። ለበጀትህ ግን ይህን ያዝ፦ ለአንድ ሄክታር 60 ሳንቲ የተጠቀጠቀ ሸክላ 6,000 ሜትር ኩብ ነው። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ሩቡን ጨምርበት። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ 470 ምልልስ ግድም ይሆናል።

ጭስ ስላልከው። ጠዋት ታይቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የማይሸት ከሆነ እንፋሎት ሊሆን ይችላል። ቆሻሻው ከውስጥ ሞቃት ነው፣ ከውጭ ብርድ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚወጣና የሚከረፋ ከሆነ ግን ውስጡ እየነደደ ነው። ያን ጊዜ አትክደን። መጀመሪያ የሚነደውን ክፍል በማሽን አውጥቶ መበተንና በአፈር ማፈን ነው። ይህ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል፣ ሠራተኛ በእግሩ አታስወጣበት፣ መሬቱ ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊሰምጥ ይችላል።

እንፋሎት ቢሆንም ሜቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ አብሮት አለ። ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለው መጠን ይፈነዳል። ሲጋራ ክልክል ነው! ለሄክታሩ ሦስት አራት ቦታ ጉድጓድ ቆፍረህ የተበሳሳ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ አቁም፣ ዙሪያውን ጠጠር ሙላ። ከክዳኑ በላይ ያለው ክፍል ሳይበሳ 2 ሜትር ያህል ይውጣ፣ ጫፉ እንደ ከዘራ ይታጠፍ። ቆሼ ላይ ከአደጋው በኋላ በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የፉኩኦካ ዘዴም በተበሳሱ ቱቦዎች ነው የሚሠራው። እሱ ግን አየር ወደ ቆሻሻው እንዲገባ ስለሚያደርግ የሜቴኑን መፈጠር ራሱን ይቀንሳል።

ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍረህ መልሰው። ከታች፣ እግሩ ሥር፣ ድንጋይ የተሞላ ቦይ ጥቁሩን ፍሳሽ ሰብስቦ ጂኦመምብሬን የሚባለው ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ወደተነጠፈበት ኩሬ ይውሰደው። በሰሜን ሸዋ ከሸንተረሩ ወዲህ የወረደ ውሃ በጃማ በኩል ዓባይ ይገባል፣ ወዲያ የወረደው አዋሽ። በየትኛውም በኩል ከታች የሚጠጣ ሰው አለ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ም በ2017 በአዲስ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ ጉዳት ከደረሰ የመጣያው ባለቤት ከተዘጋ በኋላም ተጠያቂ ነው ይል ነበር። አዲሱ አዋጅ ስለዚህ የሚለውን ፈልገህ ለአለቃህ አሳየው፣ በጀት ታስፈታለች።

ባሕር ዛፍ ያልፈለግሁት ሥሩ ሸክላውን ስለሚሰነጥቅ ነው። ንፋስ ሲጥለው ደግሞ ክዳኑን ይዞ ይነሳል። ሰርዶ በቂ ነው። በእናንተ ብርድ ፋላሪስ የሚባለው ሣርም ይሆናል። ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ለሸዋ ሮቢት ተውላቸው፣ ውርጭ አይወድም። ከብት እንዳይገባ እጠረው። አዲሱ መጣያ ሥራ ሳይጀምር ይህን አትክደን፣ አለበለዚያ ሰው ማታ ማታ እዚያው ክዳኑ ላይ ይጥላል።

የአፈሩን ሥራ ኅዳር ጀምር። በልግ ሊመጣ ስለሚችል ሁሉንም በአንዴ አትክፈተው፣ ሩብ ሩቡን እየጨረስክ ሂድ። ሣሩ ሰኔ መግቢያ ላይ ይተከል። ከዚያ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ቡትስህን አድርገህ ክዳኑን ከዳር እስከ ዳር ዙረው። ውሃ የተኛበት ካለ በችካል ምልክት አድርግና እዚያው ጥቅምት ላይ ለሙን አፈር ገልጠህ ሸክላ ሙላበት።