መዘምራን ፎቶ ሲመሩ

ጥያቄ፦ የ16 ሰው ኳየራችን ሲዘምር በፕሮጀክተር የሚታዩት ፎቶዎች ከድምፁ ጋር እንዲለዋወጡ፣ ኮዱም ተመልካች ፊት እንዲጻፍ አስበናል። በልምምድ ላይ ግን ፎቶዎቹ ይብለጨለጫሉ፤ አንዳንዴም ድርቅ ብለው ይቀራሉ።

መልስ፦ የሁለቱ ችግር ምንጭ ለየቅል ነው። ድርቅ ማለቱ ብዙውን ጊዜ ከፎቶው መጠን ይመጣል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ቢሆንም፣ ግራፊክስ ካርድ ላይ ሲዘረጋ (6000 በ4000 ፒክስል፣ ለእያንዳንዱ 4 ባይት) 96 ሜጋባይት ይይዛል። ወደ 1920 በ1080 ብታሳንሱት 8.3 ገደማ ነው። ሁሉንም ቀድማችሁ ጫኑ፤ መዝሙሩ መሃል ከዲስክ አታስነብቡ።

ብልጭልጩ የድምፅ መለኪያው ጣጣ ነው። ኖታ ለመለየት አትድከሙ፤ ብዙ ድምፅ ባንድ ማይክ ሲገባ መለያው ይዘባርቃል። የድምፁን ጉልበት ለኩ፦ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴኖርና ለባስ አንዳንድ ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ በደንብ ይዞ ከጀርባው ያለውን የሚቀንስ) አቁሙ፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። በሱፐርኮላይደር (ድምፅ በኮድ የሚሠራበት ፕሮግራም) የአምፕሊቲዩድን፣ ማለትም የጉልበት መለኪያውን፣ የመውጫ ጊዜ (attackTime) 0.05፣ የመውረጃውን (releaseTime) 0.5 ሰከንድ አድርጉ። ሁለቱም ሳይነኩ ሲተዉ 0.01 ናቸው፤ እያንዳንዷ «ፕ» ፎቶ የምትቀይረው ለዚህ ነው። ፎቶ የሚቀየርበት የድምፅ ወሰንም ሁለት ይሁን፦ በ−30 ዴሲቤል ይቀየር፣ ከ−36 በታች ሳይወርድ ግን ዳግም አይቀየር። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ አስተካክሏቸው። ወደ ምስሉ ፕሮግራም በኦኤስሲ (OSC፣ ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት ዘዴ) በሰከንድ 30 ጊዜ መላክ ይበቃል።

ስፒከሩ ከማይኮቹ ጀርባ ይሁን፤ አለዚያ ኮዱ የሚያወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኮቹ ውስጥ ይገባና ፎቶውን የሚመራው ኮዱ ራሱ ይሆናል። የማይኩ ክፍል አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቅ፤ ተመልካች ፊት የሚጻፈው ፎቶ መምረጫው ብቻ ይሁን።