ታይሮድ ግቢ ውስጥ መቀየር ይቻላል፣ አላይመንቱን ግን እንዳትዘለው

ወንድሜ፣ ኮሮላህ ኮብልስቶን ላይ ከፊት ቀኝ በኩል ቋ ቋ ትላለች፣ መሪዋም ልል ሆኗል። ታይሮድ ኢንድ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ጫፍ) ገዝተህ ራስህ ልትቀይረው ነው፤ አሮጌው በስንት ዙር እንደተፈታ ቆጥሬ አዲሱን በዚያው ልክ ከገጠምኩ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ በማሽን ማስተካከል) ምን ያደርግልኛል ብለሃል። ሥራው አያቅትህም። አላይመንቱ ግን የግድ ነው።

መጀመሪያ አነሳሷን። ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁማት፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ። የጎማውን ዳዶዎች ሳትነሳ አላላቸው። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት ማቆሚያ) አስገብተህ እሱ ላይ አሳርፋት። ብሎኬት ፈጽሞ እንዳታስብ፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ድንገት ነው የሚፈረካከሰው። ካቫሌቶ ከሰፈር ጋራዥ ተዋስ፣ ካጣህ ሥራውን ለጋራዡ ተውለት።

አሁን ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘህ ወዝውዘው፣ ሌላ ሰው የታይሮዱን መገጣጠሚያ ይመልከት። እዚያ ጋ ከተላቀቀ ታይሮዱ ነው። ላይና ታቹን ይዘህ ስትወዘውዘው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ሊሆን ስለሚችል ገንዘብህን አታባክን።

ጎማውን አውጣና ዘንጉ ላይ ያለውን መቆለፊያ ዳዶ ትንሽ ብቻ አላላው፣ የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግበት። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ቀጭን ፒን) ንቀል። የታይሮድ ኢንዱን ቡሎን ዳዶ ፍታው፣ ግን ጨርሰህ አታውጣው፤ ጫፉ ላይ ሲቀር ጥርሱን ይጠብቅልሃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የቡሎኑን አናት ይቀጠቅጣል። የሚመታው እሱ ሳይሆን ቡሎኑ የገባበት ወፍራም ብረት ነው፣ ከጎኑ። በከባድ መዶሻ ሁለት ሦስቴ ጠንከር አድርገህ ስትለው ሾጣጣው ቡሎን ጧ ብሎ ይለቃል። ፑለር (ቡሎኑን ገፍቶ የሚያስለቅቅ መሣሪያ) ካለህማ ተገላገልክ።

አሮጌውን ስትፈታ ዙሩን ቁጠር፣ ከዚያ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስተያያቸው፤ ርዝመታቸው ከተለያየ ቆጠራህ አይሠራም። ሾጣጣው ንጹህና ደረቅ ሆኖ ይግባ፣ ግራሶ አይነካው። ዳዶውን የመኪናዋ መመሪያ በሚለው ልክ አጥብቅ። የኮፒሊያው ቀዳዳ አልገጥም ካለ ትንሽ ጨምረህ አጥብቅ እንጂ ወደ ኋላ አትመልሰው። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን፤ በሽቦ ወይም በሚስማር የተተካ እያየሁ በጣም አዝናለሁ፣ ያ ዳዶ ከወለቀ ጎማው ለመሪው አይታዘዝም፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሌላም ሰው አለ። የጎማውን ዳዶዎች በመስቀለኛ እያፈራረቅህ በ103 ኒውተን ሜትር እሰር።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ የታይሮዱ አንድ ሙሉ ዙር ዘንጉን ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ያስረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል፤ ጎማው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ግማሽ ዙር ብትስት እንኳ አዲስ ጎማ በአንድ በኩል ተላጦ ያልቃል። ቆጠራው አላይመንት ቤት በሰላም እንድትደርስ ነው። ቀስ ብለህ በቀጥታ እዚያው ሂድ፣ ከማሽኑ ስትወርድ መቆለፊያ ዳዶው መታሰሩን ራስህ በቁልፍ ሞክረው።