ሪሴት ሃርድ ከማጥፋቱ በፊት እንዲያስጠነቅቅህ

«ጊት ሪሴት ሃርድ» (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ፕሮግራም ውስጥ ያልተመዘገቡ ለውጦችን የሚሰርዝ ትዕዛዝ) ሥራህን ከማጥፋቱ በፊት እንዲጠይቅህ ማድረግ ይቻላል ወይ ላልከው፣ ጊት ለዚህ ትዕዛዝ እንዲህ ዓይነት ሴቲንግ የለውም። የጊት አሊያስም (ለትዕዛዝ የምትሰጠው የራስህ ስም) አያድንህም፤ ነባር ትዕዛዝን በአሊያስ መተካት አይቻልም።

በሌላ ስም አጭር ስክሪፕት ጻፍና ሁልጊዜ በእሱ ተጠቀም፦

1. «ጊት ስታተስ»ን አስኪዶ የተለወጡትን ፋይሎች ያሳይህ።
2. የብራንቹን (የምትሠራበትን የኮድ ቅርንጫፍ) ስም አስጽፎህ ብቻ ይቀጥል።

ከልምድ የምነግርህ፣ «አዎ ወይስ አይ» ብቻ የሚል ጥያቄ አታድርገው። ሰው ይለምደውና ሳያነብ ይጫነዋል። የፋይሎቹን ስም ሲያይ ግን ቆም ይላል።

ኮሚት ያደረግከውን (ጊት ውስጥ የመዘገብከውን) በሪፍሎግ፣ ማለትም ጊት በሚይዘው የእንቅስቃሴ መዝገብ፣ ታገኘዋለህ። ኮሚትም አድም (ለኮሚት ማዘጋጀት) ያላደረግከውን ለውጥ ግን ጊት አይመልስልህም። ስለዚህ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ስታሽ ቢያደርግልህ (ለውጦቹን ለጊዜው ወደ ጎን ቢያስቀምጥልህ) በጣም ይሻላል።