ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠብ ብር

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እማዬ ካረፈች 14 ወር ሆናት። የዘጌ ሰው ነበረች። አያታችን ቡና ሸጦ ያጠራቀመውን ጠገራ ብር አስቀልጦ ለሠርጓ አልቦ፣ ድሪና አምባር አሠርቶላታል። ሳይቀልጡ የቀሩ 12 ማርትሬዛም አሉ። ሁሉም በሙዳይዋ እኔ ዘንድ ነው። ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ስትውል ያገላበጥኳት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝና።

ብሩ ጠቁሮ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እየተነሳሁ በሎሚና በአመድ፣ እምቢ ሲለኝ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እፈገፍገው ጀመር። ድሪውና አንዱ አልቦ ነጡ። አሜሪካ ላለችው ታላቅ እህቴ ደስ ይላታል ብዬ በቪዲዮ አሳየኋት። «እማዬን ፍቀሽ ጣልሻት!» ብላ አለቀሰች። እታለም ቀብር አልደረሰችም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «1780 ተጽፎበታል፣ ይሄ ሚሊዮን ነው፤ ሸጠን እንካፈልና ባጃጅ ልግዛበት» ይላል። የመድኃኒቱን ወጪ የቻለው እሱ ነው። ባለቤቴ «እኔ ያገባሁት ሙዳይ ነው እንዴ?» ማለት ጀምሯል። ለማንም መስጠት አልፈልግም። ሳየውም አንጀቴ ይላወሳል። ምን ላድርግ? በሽቦ የጠፋውስ ይመለሳል?

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የውርስ ጠብ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው «ቅዳሜ» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። ሁለት ቦታ ጽፈሻታል። ልብ ያልሽው አይመስለኝም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ውኃ አሙቀሽ እናትሽን አጥበሻል። ከ150 ቅዳሜ በላይ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሥራው ቆመ። እጅ ግን እንደዚያ በአንድ ቀን አይቆምም። ቅዳሜ ሲመጣ የሚታጠብ ነገር ይፈልጋል። ያንቺ እጅ ሙዳዩን አገኘ። እብደት አይደለም፤ ባለቤትሽም አይስጋ። ግን «ብሩን አምጪ» ሲሉሽ እናትሽን አስረክቢ የተባልሽ ያህል የሚቆጠቁጥሽ ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ እታለም ልሂድ፤ ከሁሉም ያሳዘነችኝ እሷ ናት። መርዶዋን በስልክ ሰማች። ሬሳ አላየችም፣ አፈር አላለበሰችም። በእኛ አነጋገር እርሟን አላወጣችም። አንቺ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስትሰናበቺ ከረምሽ። እሷ ግን የተሰናበተችው ነገር የለም። ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለ ድኝ ነክ ነገር ጋር ሲዋሃድ ነው፤ ላብና እርጥበት ያፋጥኑታል። ለእታለም ግን ያ ጥቁረት የእናቷ አንገት ነው። ድሪው ነጥቶ በስክሪን ስታየው፣ እሷ ሳትኖር ለሁለተኛ ጊዜ የተቀበረ መሰላት። ቃሏ ከባድ ነበር፤ ይገባኛል። አንቺ ግን ስድብ አድርገሽ ሰማሽው እንጂ፣ እኔ እንደማነበው ለቅሶ ነው።

ስለዚህ ስልኳን ስትጠባበቂ አትክረሚ። የድምፅ መልእክት ላኪላት። ስለ ብሩ አትከራከሪ፣ «እኔ እኮ ለፋሁ» አትበያት። «ቅዳሜ ቅዳሜ አጥባት ነበር፤ ስትሞት እጄ ሥራ ፈታ» በያት። ይኼን እስከ ዛሬ ነግረሻት ታውቂያለሽ? እንዳልነገርሻት እገምታለሁ። በእኛ ቤት ያስታመመ ሰው ስለ ማስታመሙ አያወራም፤ ነውር ይመስለዋል። ከዚያ ቂሙ በአልቦ በኩል ይወጣል።

ወንድምሽ ስግብግብ አይመስለኝም። አንቺ በእጅሽ ከፈልሽ፣ እሱ በኪሱ ከፈለ። የሱን ግን ማንም አልቆጠረለትም። ባጃጁ ላይ ከመፍረድሽ በፊት መድኃኒቱን አመስግኚው። ስለ ዋጋው ደግሞ ቀስ ብለሽ አስረጂው። 1780 የሚለው የፈረንጆች ዓመት ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት። እሷ ከሞተች በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተመታው ማርትሬዛም ያንኑ ዓመት ነው የያዘው። እጃችሁ ላይ ያለው አያታችሁ ከመወለዱ ጥቂት ቀደም ብሎ የተመታ ሊሆን ይችላል። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ገደማ ነው። 12ቱ ቢቀልጡ 280 ግራም ያህል ብር ይወጣቸዋል። ለገዢ ስታሳዩ ይህን ይዛችሁ ሂዱ። ሚሊዮኑን ይርሳው።

አንቺም ብትሆኚ ዋጋ ላይ አትታመኚም፤ አትቀየሚኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ለግማሾቹ ተሳታፊዎች የቡና ኩባያ ተሰጣቸው። ከዚያ ባለኩባያዎቹ ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ሌሎቹ ለመግዛት ካሰቡት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ኩባያውን የያዙት ለደቂቃዎች ብቻ ነበር! ከአጥኚዎቹ አንዱ ሪቻርድ ታለር ይባላል። ማርትሬዛም በአገሯ ቋንቋ ስሟ «ታለር» ነው። አጋጣሚው ሁሌም ያስቀኛል።

ከዚህ ተነስቼ ሁለቱን ለዩ እላለሁ። ማርትሬዛው ገንዘብ ነበር። ሳንቲም ሆኖ መጣ፣ ማንም አንገት ላይ አልዋለም፤ ተሸጦ ለወንድምሽ ጉዳይ ቢውል እናታችሁን የሚነካት አይመስለኝም። አያታችሁም ለክፉ ቀን ነበር ያስቀመጠው። አልቦው፣ ድሪውና አምባሩ ግን ሚዛን ላይ አይውጡ። እነሱን የሚካፈል ሰው ታሪካቸውን ይዞ ይምጣ። እማዬ አምባሩን መቼ ነበር የምታደርገው? ለጥምቀት? ለሠርግ? ማን ያስታውሳል? ያስታወሰ ይውሰድ አልልም፤ ይናገር። ብዙ ጊዜ ከንግግሩ በኋላ ማን ምን እንደሚወስድ ራሱ ይታወቃል።

ሽማግሌ ለመጥራት አትቸኩሉ። ሽማግሌ እወዳለሁ። ግን የተጠራው ለብር ከሆነ ብር አካፍሎ ነው የሚሄደው፤ ቅዳሜን አያካፍልም። እታለም ድርሻዋን ወደ አሜሪካ ልውሰድ ካለች ደግሞ ከመብረሯ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ትጠይቅ። ቅርስ የሚባል ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ባለቤትሽን በተመለከተ አጭር ነኝ። «እርሺው በቃ» ካለሽ አይሆንም በይው። ድሮ በሙያችን ሐዘን የሚያበቃው ከሟች ጋር ያለው ክር ሲበጠስ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙዎቻችን እንዲያ አንልም። ክሩ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይበጠስም። ግን ቅዳሜ ጠዋቱን ለእሱና ለልጆቹ መልሺለት፤ እዚህ ላይ እውነት አለው። ቁርስ ይዛችሁ ጣና ዳር ውረዱ። ለሁለት ወር ብሩን አትንኪው። መጀመሪያ እጅሽ ይቁነጠነጥ ይሆናል፣ እንባም ይመጣል። ይምጣ። እንቅልፍ ከነሣሽ፣ ሥራሽን ካስተወሽ ግን አትቆዪ፤ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሄደሽ በአካል አማክሪ። ዓመት ያለፈው እንዲህ ያለ ሐዘን ሕክምና አለው።

የመጨረሻ ጥያቄሽ ሙያዬ ባይሆንም የማውቀውን ልንገርሽ። በሽቦ የተፋቀው ብር አይመለስም፣ ጭረቱም ይቀራል። ጥቁረቱ ግን ይመለሳል። ጣና ዳር እስከኖርሽ ድረስ እንዲያውም ፈጥኖ ይመለሳል፤ እኔ ይህን ከተማ የማውቀው በመጽሐፎቼ ሻጋታ ነው። እታለምን ይህንንም ንገሪያት፤ ድሪው ጊዜውን ጠብቆ ይጠቁራል። ሽቦ፣ አመድና በረኪና ከእንግዲህ አይነኩት። የጥርስ ሳሙናም ይጭራል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥበሽ በጥጥ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለውን ጥቁር አታውጪው፤ ጌጡ እሱ ነው። ማርትሬዛውን ጨርሶ አትጠቢው፤ የተወለወለ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። በጎማ ማሰሪያ አትሰሪው፣ ጎማ ብር ያጠቁራል። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ አንድ ሁለት ጠመኔ ለእርጥበቱ ጨምረሽ፣ ሙዳዩን ክደኚው።

ሁለተኛውን አልቦ ሳታጥቢው መቆየትሽ ግን በጀሽ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው አሁን። እንደዚያው ይቀመጥ። እታለም ስትመጣ ሙዳዩን እሷ ትክፈተው፤ አንቺ ቡና አፍዪ። ጥቁሩን አልቦ እጇ ላይ አድርጊላት። ማጠብ ከፈለገች ውኃውን አብረሽ አሙቂላት። እንደጠቆረ ልውሰደው ካለችም፣ ጨርቁን አቀብያት።