ቀን የቀጣሪዬን፣ ማታ የራሴን እሠራለሁ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የማሽን መለዋወጫ በሚያመርት ድርጅት ንድፍ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ቤታችንም የሚተዳደረው በእኔና በባለቤቴ ደመወዝ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ግን ሌላ ሥራ እጀምራለሁ።

እናቴን የጣቶቿ መገጣጠሚያ ያማታል። ክዳን ለመክፈት ስትታገል ማየት ስለከበደኝ፣ እጀታው ረዘም ያለ፣ ክዳኑን በጥርሳም ቀለበት ጨብጦ የሚያዞር መክፈቻ ነደፍኩላትና በስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ፕላስቲክ በንብርብር እየደረበ ዕቃ በሚሠራ ማሽን፣ አተምኩት። ወደደችው። ጓደኞቿም አይተው «ለእኛስ?» አሉ፤ ለእነሱም ሠራሁላቸው። ችግሩ፣ አንዱ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ተጣመመ፤ ሌላው ደግሞ እጀታው ከቀለበቱ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰበረ።

አንድ ነጋዴ ወዳጃችን «ሥራሽን ልቀቂ፣ ሞልድ (ፕላስቲክ በብዛት የሚቀረጽበትን የብረት ቅርጽ) አሠሪ፣ ሰው ሳይቀድምሽ በብዛት አምርቺ» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ወይ ገንዘብ ያምጣ፣ ወይ ይቅር፤ ማታ ማታ ከኛ ጋር የለሽም» ማለት ጀምሯል። አንድ ሌላ ነገርም ያስጨንቀኛል፤ የንድፉን ከፊሉን የሠራሁት በምሳ ሰዓት በቢሮ ኮምፒውተር ነው። የሥራ ውሌ ላይ ስለ ፈጠራ የሚናገር አንቀጽ አለ፤ አለቃዬ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ልንገረው? ሥራዬንስ ልልቀቅ?

የማታ ሠራተኛዋ

ውድ እህቴ፤

ሥራሽን አትልቀቂ። ይህን የምልሽ መክፈቻሽን አሳንሼ አይቼው አይደለም፤ እንዲያውም ከራስሽ እናት ችግር የተነሣ ስለሆነ ትልቅ ተስፋ አለው እላለሁ። ነገር ግን አንገቱ ላይ የሚሰበር ዕቃ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ የሚሰጥሽ ደግሞ ደመወዝሽ ነው። ደመወዝ የሌለው ሰው ዕቃውን ገበያ የሚያወጣው ዕቃው ሲደርስ ሳይሆን ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። እንግሊዛዊው ፈጣሪ ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን የአቧራ መጥረጊያ ማሽኑን እስኪያሳካ 5,127 ናሙና ሠርቷል፤ በእነዚያ ዓመታት ቤቱን የደገፈው የሚስቱ የሥዕል መምህርነት ደመወዝ ነበር። አንቺም ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሪ ይህን አስቢ፤ የአንዱ ፈጠራ የሁለት ሰው ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከመልቀቅሽ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የቢሮው ኮምፒውተር ነው። ቤቲ ግራሃም የምትባል አሜሪካዊት የቢሮ ጸሐፊ ነበረች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ የታይፕ ስህተት የሚሸፍን ነጭ ቀለም በቤቷ ቀምማ፣ ልጇና ጓደኞቹ በትንንሽ ጠርሙስ እየሞሉላት ትሸጥ ጀመር። ቀን የቢሮ ሥራ፣ ማታ ቀለም። በ1958 የቀጣሪዋን ደብዳቤ ስትጽፍ ሳታስበው የራሷን ድርጅት ስም አሰፈረችበትና ተባረረች። ድርጅቷ «ሊኩዊድ ፔፐር» ተብሎ አድጎ በ1979 ለምላጭ አምራቹ ጂሌት በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል፤ መጨረሻዋ አምሯል። ደመወዟ የተቋረጠው ግን እሷ በመረጠችው ቀን አልነበረም። ሁለት ሥራ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጠረጴዛ ሲሠራ መደባለቁ አይቀርም።

ስለዚህ ዛሬውኑ የውሉን አንቀጽ አውጪና ቃል በቃል አንብቢው። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ፈጠራው ከድርጅቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው ወይ፣ በድርጅቱ ጊዜና መሣሪያስ ተሠርቷል ወይ? በመጀመሪያው ነገርሽ ጥሩ ይመስላል፤ የማሽን መለዋወጫና የወጥ ቤት ዕቃ ይራራቃሉ። በሁለተኛው ግን ተጋልጠሻል። ከአሁን በኋላ አንድም መስመር በቢሮ ኮምፒውተር አትሥይ። ንድፉን ቤትሽ በራስሽ መሣሪያ እንደ አዲስ ሥሪው፤ ቀኑንም መዝግቢ። ያለፈውን ይህ አይፍቀውም። ለዚህም ነው ለአለቃሽ ንገሪው የምልሽ፤ በቃል ብቻ ሳይሆን ድርጅቱ በመክፈቻው ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጥሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር ሲሠራ ሂውሌት ፓካርድ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ተቀጣሪ ነበር። አስቀድሞ ለቀጣሪው አቀረበው፤ ድርጅቱ አልፈለገውም፤ እሱም መንገዱ ተከፈተለት። መክፈቻሽ ገና አንድ ሳንቲም ሳያስገባ ብትጠይቂ «የራስሽ ነው» የሚለውን መልስ ማግኘት ይቀልሻል። ገንዘብ ማምጣት ከጀመረ በኋላ ግን ያው ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል። ደብዳቤው ላይ ከመፈረምሽ በፊት የሕግ ባለሙያ ቢያየው አይከፋም።

ወዳጃችሁ «ሰው ሳይቀድምሽ» ያለው ነገር እውነት አለው፤ መፍትሔው ግን በብዛት ማምረት አይደለም። በብዙ አገሮች ፈጠራ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ ሳይገባለት ለሕዝብ ከተገለጠ «አዲስ» መሆኑ ይቀራል፤ እንደ አሜሪካ የ1 ዓመት ፋታ የሚሰጡም አሉ። ለእናትሽ ጓደኞች መስጠትሽ በአገርሽ ሕግ እንዴት እንደሚታይ ባለሙያ ጠይቂ። እስከዚያ ፎቶውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትልቀቂ። የክዳን መክፈቻ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የደከሙበት ነገር ስለሆነ፣ ለማመልከቻ ከመክፈልሽ በፊት ኢስፓስኔት ወይም ጉግል ፓተንትስ የተባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ ገብተሽ የቀደሙትን ፈልጊ። ነጻ ነው። ምናልባት የአንቺ አዲስ ነገር መላው መክፈቻ ሳይሆን የጥርሱ አቀማመጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ቀጥ ብሎ መሰበሩ ብዙ ይናገራል። መክፈቻውን ያተምሽው አቁመሽ ይመስለኛል፤ ያኔ ንብርብሮቹ እጀታውን አቋርጠው ይተኛሉ፤ እጅ ሲጫነውም አንዱ ንብርብር ከሌላው ይላቀቃል። አስተኝተሽ አትሚው፤ ንብርብሩ በእጀታው ርዝመት ይሂድ። እጀታውና ቀለበቱ የሚገናኙበትን የውስጥ ማዕዘንም አጉብጪው፤ ሹል ማዕዘን ጫናውን ሁሉ ወደ ራሱ ይሰበስባል። መጣመሙ ደግሞ ከቁሱ ነው። ያተምሽበት ፒኤልኤ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ከሆነ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ሌላው ዓይነት፣ ፒኢቲጂ፣ እስከ 80 ገደማ ይችላል። ሞልድ ተቸኩሎ ቢሠራ ኖሮ የአንገቱን ድክመት በብረት ላይ ቀርጸሽ ታስቀሪው ነበር፤ ብረቱን እንደገና ማስተካከል ደግሞ ፋይል እንደመቀየር አይቀልም።

ባለቤትሽ «ማታ ከኛ ጋር የለሽም» ያለው ትክክል ነው። የትኞቹ ምሽቶች የመክፈቻው፣ የትኞቹ የቤቱ እንደሆኑ አብራችሁ ወስኑ፤ ለዚህ ሥራ ከቤት የሚወጣውንም ገንዘብ ልክ አብጁለት። ያ ገንዘብ ሲያልቅ እንደገና ተነጋገሩ እንጂ ሌላ ኪስ አትክፈቺ።

የእናትሽ ጓደኞች ይወዱሻል፤ መክፈቻው ባይመችም ተመችቶናል ይሉሻል። ከባለሙያው ጋር ተነጋግረሽ መንገዱ ሲጸዳ፣ የተሻሻለውን ለማያውቁሽ፣ እጃቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ስጪ። አጠቃቀሙን ሳታስረጂ ዝም ብለሽ ተመልከቺ፤ እጃቸው መጀመሪያ የት ያርፋል? ስንቴ ያንሸራትታቸዋል? ከወር በኋላ ተመልሰሽ አሁንም እየተጠቀሙበት እንደሆነ እይ። ስለ ሞልድ ዋጋ ወዳጃችሁን የምታማክሪው ያን ጊዜ ነው።