በእጅ ሲያዞሩት የሚከብድ የቆዳ ስፌት መኪና፦ ሞተር ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ሥራዬ ቦርሳና ቀበቶ መስፋት ነው። በቅርቡ ያገለገለ ጁኪ ዲኤንዩ-1541 ገዛሁ። መዘውሩን በእጄ ሳዞረው ከባድ ነው፤ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ይይዝና ገፋ ሳደርገው ያልፋል። ሞተሩ የክላች ነው፤ ፔዳሉን ስረግጠው ያጉረመርማል እንጂ ቶሎ አይነሳም። የሸጠልኝ ሰው ‹ሞተሩ ደክሟል፣ ጠንከር ያለ ግዛ› ይለኛል። ዘይት ብጨምርበትም ለውጥ የለውም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ሞተር አይግዙ። በእጅ ሲዞር የሚይዝ መኪና ላይ ጠንካራ ሞተር ማሰር የያዘውን ነገር በጉልበት ስበረው እንደማለት ነው። መጀመሪያ የሚሰበረው መርፌው ነው፤ ቀጥሎ የሁኩ (ከሥር እየዞረ የመርፌውን ክር የሚጠልፈው ብረት) ጫፍ ይላጫል። ሁክ ደግሞ እንደ መርፌ በየሱቁ በሳንቲም የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

ጥያቄዎ ውስጥ ያሉት ሁለት ችግሮች ናቸው፤ ለየብቻ ቢያዩዋቸው ይሻላል። አንዱ ዙሩን ሙሉ ያለው ክብደት ነው። ሌላው አንድ ቦታ ላይ የሚይዘው ነው። ምንጫቸው ብዙ ጊዜ አይገናኝም፤ ዘይት ጨምረው ለውጥ ያጡትም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። የክላች ሞተር ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ በራሱ ይሽከረከራል፤ በዚያ መሀል ፔዳል ቢነካ መርፌው ይወርዳል፣ ጣትም እዚያው ሊሆን ይችላል። ድምፁ ጸጥ እስኪል ይጠብቁ።

ከዚያ እግርዎን ፔዳሉ ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉና መዘውሩን ያዙሩት። ቀለለ? እንግዲያው የመጀመሪያው ችግር በሽታ አልነበረም። የክላች ሞተር ፔዳሉ ሲለቀቅ ፍሬኑ ይይዛል፤ እግር ሳያሳርፉ መዘውር ማዞር ማለት ፍሬኑን እየጎተቱ ማዞር ነው። ይህን ባለማወቅ መኪናቸውን ፈታትተው የጨረሱ ብዙ ናቸው። ካልቀለለ ቺንጋውን ከመዘውሩ ላይ ያውጡት፤ ጣትዎ በቺንጋውና በመዘውሩ መሀል እንዳይገባ መዘውሩን በዝግታ እያዞሩ ወደ ጎን ይግፉት። ያለ ቺንጋ ቀላል ከሆነ ጥፋቱ ከጠረጴዛው በታች ነው፦ የሞተሩ ፍሬን፣ ወይም ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ። ቺንጋ መሀሉን በጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መግባት አለበት። እንደ ክራር ክር ከተወጠረ የመዘውሩን ቦኮላ (ዘንጉ የሚዞርበትን የብረት ቀለበት) ሌት ተቀን ይጎትተዋል፤ በጊዜ ብዛትም ይበላዋል።

ያለ ቺንጋም ከከበደ ጥፋቱ ራሱ መኪናው ውስጥ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዎኪንግ ፉት፣ ማለትም እግሩ ቆዳውን ከሚስበው ታችኛው ጥርስ ጋር አብሮ የሚራመደው መኪና፣ በጤናውም እንደ ተራ የልብስ መኪና አይቀልም። ሁለቱ እግሮች እየተፈራረቁ ሲነሱ የላይኛውን ሞላ እየገፉ ነው፤ በየዙሩ ለስለስ ያለ ጉብታ ለእጅ ይሰማል። የሞላው ብሎን እስከ መጨረሻው ተጠብቆ ከሆነ ይህ ጉብታ ድንጋይ ይሆናል። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው ወፍራም ቆዳ እንዲስብ ብሎ ብሎኑን አጥብቆ ሊያስረክብዎት ይችላል። ከእግሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ አድርገው (ብረት በብረት ላይ አይፈትኑ፤ ጥርሱም እግሩም ይፋፋቃል) ብሎኑን ብዙ ዙር ያላሉትና ደግመው ያዙሩ። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። እግሩን በጉልበትዎ በሚገፉት ማንሻ ከፍ አድርገው ግን አይፈትኑ፤ እግሩ ከልክ በላይ ተነሥቶ መርፌው ሲወርድ የመርፌው ዘንግ ከእግሩ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ያኔ ያልነበረ በሽታ አግኝተው ያድራሉ።

አሁን ወደሚይዘው ቦታ። ነጭ ጠመኔ ይያዙ። መዘውሩን ወደ ራስዎ፣ ሁልጊዜ ወደ ራስዎ፣ በዝግታ ያዙሩና በያዘበት ቦታ ሁሉ ጠርዙ ላይ ምልክት ያድርጉ። አምስት ስድስት ዙር ይድገሙት። ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተደራርቦ ነው ወይስ ፊት ለፊት ሁለት ቦታ ላይ? መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር መርፌው፣ እግሩና ጥርሱ አንድ አንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ ሁኩ ግን ሁለት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ፣ በትይዩ የሚይዝ ከሆነ ሁኩን ወይም ሁኩን የሚያዞረውን ማርሽ ይጠርጥሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ እንደጻፉት፣ መርፌ፣ እግር ወይም ጥርስ ነው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የሁኩ ጫፍ መርፌውን የሚነካ ከሆነም በዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሁኩ ሁለተኛውን ዙር ሲዞር መርፌው ወደ ላይ ተነሥቷልና አያገኘውም።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት መርፌውን አውጥተው መሞከር ያለብዎት። መያዙ ከጠፋ መርፌውን መስታወት ላይ አንከባልለው ይዩት፤ ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ጠማማ ነው፣ ይጣል። ዓይነቱንም ይዩ፦ ይህ መኪና የሚወስደው 135×17 ነው፤ ለቆዳ የተሳለው 135×16 ርዝመቱ ያው ስለሆነ ይገባል። አዲስ ቀጥ ያለ መርፌ ገብቶም የሚነካ ከሆነ የሁኩ ርቀት ተበላሽቷል። ትክክለኛው ርቀት የሁኩ ጫፍ ከመርፌው ጀርባ ጉድጓድ ጋር ሳይነካካ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያነሰ ክፍተት ትቶ ሲያልፍ ነው። መርፌው ታች ደርሶ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ሲነሣ የሁኩ ጫፍ የመርፌው መሀል ላይ መድረስ አለበት።

ያለ መርፌም ከያዘ የስፌት ርዝመቱን ወደ ዜሮ ይመልሱና ያዙሩ። ከዚያ ቀስ እያሉ እስከ 9 ሚሊ ሜትር፣ የመኪናው ከፍተኛ ድረስ ይክፈቱት። በዜሮ ነፃ ሆኖ ሲረዝም ብቻ የሚይዝ ከሆነ ጥርሱ ከፕሌቱ (ከእግሩ ሥር ካለው የብረት ሽፋን) መስኮት ጫፍ ጋር እየተጋጨ ነው። ፕሌቱን ይፍቱት። ከሥሩ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ የቆዳ ብናኝ ከዘይት ጋር ተጋግሮ እንደ ላስቲክ የጠነከረ ነገር ነው፤ በአየር አይወጣም፣ በእንጨት ወይም በናስ መፋቂያ ቆርጠው ያውጡት። ተጠርጎም ከተጋጨ ጥርሱን የያዙትን ብሎኖች አላልተው መስኮቱ መሀል ላይ ያስቀምጡት። የኋላ ስፌቱንም ይፈትኑ፤ ወደፊት ደህና ሆኖ ወደኋላ ብቻ የሚጋጭ አለ።

በርዝመቱ ለውጥ ከሌለ የእግሩን እርምጃ ከፍታ ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት። ዝቅ ሲል የሚሻለው ከሆነ የፊት ሽፋኑን ይክፈቱ። የሁለቱ እግሮች ዘንጎችና የመርፌው ዘንግ ላይ ብልጭ የሚል ቢጫ ሽፋን ካዩ ማስቲሽ ነው። ማስቲሽ ሳይደርቅ የሚሰፋ ሰው መኪና ላይ ይህ አይቀርም፤ ከመርፌው ወደ ዘንጉ ይወጣና ቦኮላው ውስጥ ይደርቃል። ጨርቅ በቤንዚን ነክረው ዘንጉን ይጥረጉ፤ ለዚህ ሥራ ደጃፍ ላይ ይውጡ፣ እሳትም ሲጋራም አጠገብ አይኑር። አሸዋ ወረቀት ግን አይሞክሩ። ዘንጉ ቦኮላው ውስጥ የሚገባው በልኩ ነው፤ አንዴ ከተላገ ክፍተቱን ማንም አይመልስልዎትም።

ምልክትዎ ሁለት ቦታ ላይ ቢወጣ ደግሞ ይህን ያድርጉ። ፕሌቱን ፈትተው ቦቢኑን ያውጡ። የቦቢኑን ቤት ከሁኩ ጋር አጣብቆ የያዘው ቀለበት ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ይፍቱ፤ ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱት፣ ከሥሩም ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ የወደቀች ብሎን የምትገባው የዘይቱ ሳህን ውስጥ ነው። ቤቱ ሲነሣ የሚዞርበትን ጠባብ ቦይ በደንብ ይዩ። ክር እዚያ ሲገባ ተድጦና ከዘይት ጋር ጠቁሮ ብረቱን ስለሚመስል በዓይን ያልፋል፤ የመርፌ ጫፍ ቦዩ ውስጥ አስገብተው ዙሪያውን ይሳቡ፣ የሚጎትት ነገር ካለ ክር ነው። ናይለን ክር በዚህ ከጥጥ ይብሳል፤ ሲሞቅ ይቀልጥና ይጣበቃል። ወጥቶ ካለቀ በኋላ ቦዩን በጣትዎ ጥፍር ይዳስሱ፤ ጥፍርን የሚይዝ ሻካራ ካለ በጣም ደቃቅ በሆነ የዘይት ድንጋይ ብቻ ያለስልሱት፤ ቀለበቱን መልሰው አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ይስጡት።

ክር ሳይኖር ሁለቴ የሚይዝ ከሆነ፣ በተለይ መኪናው «ታይሚንጉ (የሁኩና የመርፌው መገናኛ) ተስተካክሏል» ተብሎ የተሸጠ ከሆነ፣ አንድ የተለመደ ስህተት ይፈልጉ። ሁኩን ወደ መርፌው ለማስጠጋት ሁኩን የተሸከመውን ቤት ብቻ ገፍተው ሻፍቱ ላይ ያለውን ማርሽ ሳያንቀሳቅሱ የሚተዉ አሉ። ማርሾቹ ተናክሰው ይቀራሉ፤ ድምፃቸውም ያጉረመርማል። ቤቱና ማርሹ አብረው መሄድ አለባቸው። ሁኩን በጣት ወዲያ ወዲህ ሲነቀንቁት ፀጉር የምታህል ልቅነት ከተሰማዎት ልክ ነው። ምንም ካልነቃነቀ ጠብቋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው፣ ዙሩን ሙሉ ወዳለው ክብደት እንመለስ፤ ፔዳል ረግጠውም፣ ቺንጋ አውጥተውም ካልቀለለ። ያገለገለ መኪና ቆሞ ከኖረ፣ ይባስ ብሎም የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት ሲጠጣ ከኖረ፣ ዘይቱ ወደ ሙጫ ይለወጣል። በላዩ አዲስ ዘይት ቢያፈስሱበት ሙጫውን አልፎ አይገባም። መለያው ቀላል ነው፦ ጥቂት ሠርቶ ሲሞቅ የሚቀል ከሆነ ሙጫ ነው፤ ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ ደረቅ ወይም የተጨቆነ ቦኮላ ነው።

ለሙጫው ላምባ ይበቃል። በየዘይት ቀዳዳው ሁለት ሁለት ጠብታ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ። አሥር ደቂቃ በእጅ ያዙሩ፣ ያሳድሩት፣ ጠዋት የሚወጣውን ቡናማ ነገር እየጠረጉ ይድገሙት። ንጹሕ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ አይቸኩሉ። ላምባው ላይኛውንና ታችኛውን ሻፍት የሚያገናኘውን ጥርሳም ቺንጋ እንዳይነካ በፌስታል ይሸፍኑት። መጨረሻ ላይ ነጭ የስፌት መኪና ዘይት በየቀዳዳው ይስጡ፤ ላምባ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም፣ እንዲሁ ከተዉት ብረት በብረት ይፋጫል። ደብልዩ ዲ-40 የሚረጩም አሉ፤ ለዛገ ብሎን ጥሩ ነው፣ ለቦኮላ ግን በሳምንቱ ይተንና ያስቀርዎታል።

ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ መዘውሩ አጠገብ ሻፍቱ ላይ የታሰረውን ኮሌታ (ባለ ብሎን የብረት ቀለበት) ይዩ። ሻፍቱ ወደ ጎን እንዳይጫወት ኮሌታው በቦኮላው ላይ ይጠጋል፤ በመዶሻ ተመትቶ የተጠበቀ ከሆነ ግን ቦኮላውን ይጨቁናል። ሁለቱን ብሎኖች አላልተው አንድ ወረቀት መሀል ያስገቡና ኮሌታውን ወረቀቱ እስኪነካ አስጠግተው ያጥብቁ፤ ከዚያ ወረቀቱን ይሳቡ። ሻፍቱን ወደ ጎን ሲገፉት ድምፅ ሳያሰማ በጭንቅ የሚነቃነቅ ከሆነ ደርሰዋል።

ሁሉም ሲገጠም ቺንጋውን መልሰው፣ ያለ ክርና ያለ መርፌ፣ እግሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ አድርገው በዝግታ አምስት ደቂቃ ያስኬዱት። ያቁሙትና ሶኬቱን ነቅለው የመዘውሩን ጎን፣ የፊት ዘንጎቹን ቦታና የሁኩን ቤት በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ማለት ደህና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ያለበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ዘይት አልደረሰም ወይም ኮሌታው ገና ይጨቁናል፤ ሳያስተካክሉ ሥራ አይጀምሩበት።