ሰርዶ፣ እንግጫ እና ሙጃ በአንድ መድኃኒት አይጠፉም

እህታችን፣ «ግቢዬ ያስተከልኩት ሣር በባዕድ ሣር ተዋጠ፤ አትክልተኛው በየሳምንቱ ቢነቅለውም ተመልሶ ይበቅላል፤ ቱ-ፎር-ዲ ላስረጭ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ለዓመታት በአዲስ አበባ ግቢዎች ሣር ስተክልና ስንከባከብ ያየሁትን ልንገርዎት።

ቱ-ፎር-ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ይተዉት። ገበሬው ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨው ቅጠለ ሰፊውን አረም ለይቶ ስለሚገድል ነው። ስንዴም ጤፍም የሣር ወገን ናቸው፤ እነሱን ያልጎዳ መድኃኒት የእርስዎንም ባዕድ ሣር አይገድልም። ገንዘብዎን አያባክኑ።

አስቀድመው ሥሩን ይዩ። አፈሩ እርጥብ ሳለ አንዱን ቆፍረው ያውጡት። ሥሩ አጭርና ቀጫጭን ሆኖ ያለ ትግል ከወጣ ሙጃ ወይም የሙጃ ቢጤ ነው። ዕድሜው የአንድ ወቅት ስለሆነ ዘር ሳይዝ ከተነቀለ አለቀለት። ብዙ ጊዜ ወደ ግቢ የሚገባው በደንብ ካልበሰለ ፍግ ጋር ነውና ፍግ ሲገዙ ይጠንቀቁ።

ግንዱን በሁለት ጣት መካከል ሲያሽከረክሩት ሦስት ማዕዘኑ ከቆረቆረዎት ግን እንግጫ ነው። ሥሩን ተከትለው ቢቆፍሩ በቀጭን ክር የተያያዙ ጥቋቁር ፍሬዎች ያገኛሉ። አትክልተኛው ቅጠሉን ይዞ ሲጎትት ክሩ ይበጠስና ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ እንደገና ያቆጠቁጣል። በየሳምንቱ የሚመለስብዎት ይህ ይመስለኛል። ቡቃያው አምስት ስድስት ቅጠል ሳያወጣ፣ አዲስ ፍሬ ሳይቋጥር፣ በጠባብ መቆፈሪያ ከነፍሬው ይውጣ። የተረፈውም ባቆጠቆጠ ቁጥር ሳይሰለቹ ከነቀሉት ፍሬው ያጠራቀመው ስንቅ ያልቃል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ይሠራል። ውሃ የሚተኛበት ዋልካ አፈር እንግጫን ስለሚያለማው ውሃው የሚወርድበት ቦይ ያስቆፍሩለት፣ ውሃ ማጠጣቱንም ይቀንሱ።

ሰርዶ ሌላ ጠባይ አለው። በላይም በአፈር ውስጥም ይሳባል፤ ከእያንዳንዱ አንጓ ሥር ያወጣል። በክረምት በዶማ መከታተፍ ማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እርጥብ አፈር አግኝቶ ይጸድቃል። በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ውሃ ከልክለው አፈሩን ገልብጠው ሥሩን ፀሐይ ያስመቱት፤ ከዚያ ለቅመው ከግቢ ያስወጡት። ቦታው ትንሽ ከሆነ በወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ሸፍነው ዳር ዳሩን በአፈር ይጫኑት። ፕላስቲኩን ከማንሳትዎ በፊት አንድ ሥር ይስበሩ፦ ውስጡ ነጭና እርጥብ ከሆነ ገና በሕይወት አለ፤ ቡናማ ሆኖ ደርቆ ከተሰበረ ሞቷል።

ግላይፎሴት የሚባለውን የአረም መድኃኒት በተመለከተ፣ የሚወዱትንም የሚጠሉትንም ሣር ሳይለይ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. «በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም» ከሚባሉት ጋር መድቦታል። ሕፃናት በሚንከባለሉበት ሣር ላይ እንዲረጭ እኔ አልመክርም። የግድ ከሆነ ነፋስና ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ጓንት ተደርጎ፣ በብሩሽ የባዕዱ ሣር ቅጠል ላይ ብቻ ይቀባ። ቅጠሉ ለምለም መሆን አለበት፤ በውሃ ጥም የጠወለገ ሣር መድኃኒቱን ወደ ሥሩ አያወርደውም።

አንድ ነገር ግን ያስቡበት። ሰርዶው ከግቢዎ ግማሽ በላይ ከያዘና ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ባይታገሉት እመርጣለሁ። ሰርዶ በሌላው ዓለም የእግር ኳስ ሜዳ የሚሸፈንበት ሣር ነው፤ መረገጥንና ድርቅን ይችላል፤ ዝቅ ተደርጎ ቶሎ ቶሎ ከታጨደ ያማረ ምንጣፍ ይሆናል። ጥላ ስለማይወድ ከዛፍ ሥር ብቻ ሌላ ነገር መትከል ይኖርብዎታል።

የነቀሉትን ከነሥሩ በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ፎቶ አንስተው ይላኩልን፤ የትኛው እንደሆነ ለይተን እንነግርዎታለን።